ሌሊት በሶኖራ በረሃ እባብ ፍለጋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው አሪዞና ውስጥ፣ ከፊኒክስ ከተማ ዳር ነው። በጋ ሲገባ ሥራ የማልገባበትን ሌሊት በረሃ ላይ አሳልፋለሁ፤ እባብ ስፈልግ። ይህን የሰሙ ወዳጆቼ ቡና ላይም ለቅሶ ላይም ይዘው ይጠይቁኛል። አንዳንዱ ይገርመዋል፣ አንዳንዱ ይጨነቅልኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እኔንም ውሰደኝ" ይላል። ለሁሉም በአንድ ቦታ ልመልስ።

ምን አግኝቷችሁ ነው በሌሊት እባብ የምትፈልጉት?

ስለሚያምር ነው።

ነገሩ የጀመረኝ ከሌሊት ሥራ ስመለስ ነው። ከከተማው ወጣ ባለ መንገድ ላይ የመኪናዬ መብራት አንድ ቀጭን ነገር ላይ አረፈ። ቀይ፣ ጥቁርና ወተት የመሰለ ነጭ የተፈራረቀበት እባብ ነበር። ርዝመቱ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ያደግሁበት ሰፈር እባብ ታየ ከተባለ ዱላና ድንጋይ ይዞ የማይሮጥ አልነበረም። እኔም ሮጫለሁ። ያን ሌሊት ግን አስፋልቱ ላይ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። መኪናዬን ዳር አስይዤ ቆምኩ። ምላሱን እያወጣ እያስገባ፣ ሳይቸኩል፣ መንገዱን ተሻግሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ቤት ገብቼ ስፈልግ ሎንግ ኖዝድ ስኔክ፣ ማለትም ባለረጅም አፍንጫው እባብ፣ እንደሚባልና ለሰው ምንም ጉዳት እንደሌለው አወቅሁ። በልጅነቴ ምንነቱን ሳናውቅ በድንጋይ የጨረስነው ስንቱ እንዲህ ነበር ብዬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ በጋ በመጣ ቁጥር እወጣለሁ።

ስታገኙትስ ምን ታደርጉታላችሁ?

እናየዋለን። ፎቶ እናነሳለን። ስንት ሰዓት ላይ እንዳገኘነውና ሙቀቱ ስንት እንደነበር ማስታወሻ እንይዛለን። ከዚያ ትተነው እንሄዳለን። አንይዝም፣ ወደ ቤት አንወስድም፣ ወደ ሌላ ቦታም አናዛውርም።

ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ደግነት ይመስለዋል። እባብ ግን አገሩን የሚያውቅ እንስሳ ነው። ራትልስኔክ፣ ማለትም ጅራቱ ላይ ቃጭል ያለው መርዛማው እባብ፣ ብዙ ጊዜ በየክረምቱ ወደዚያው ወደለመደው ጉድጓድ ይመለሳል። ውሃውን፣ ጥላውን፣ አይጥ የሚመላለስበትን መንገድ ያውቃል። ርቆ ከተወሰደ ሲባዝን ብዙ ጊዜ ይሞታል።

ለምን በሌሊት?

ቀን ላይ መሬቱ ይገድለዋል። በ2023 ፊኒክስ ለ31 ተከታታይ ቀናት ከፍተኛው ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ አልወረደም። እንዲህ ባለ ቀን አስፋልቱ 70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እባብ ደግሞ አያልበውም፣ የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው ነው የሚያገኘው። ፀሐይ ላይ ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ቀኑን በአይጥ ጉድጓድ፣ በድንጋይ ሥር፣ በቁልቋል ሥር ተሸሽጎ ይውላል። የሚበላቸው አይጦችም የሚወጡት ማታ ነው። ፀደይ ላይ፣ ማርችና ኤፕሪል፣ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኙታላችሁ።

የትኛው ወር፣ ስንት ሰዓት ላይ ይሻላል?

ሌሊት ላይ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ይታያል። ልቤን የሚሰቅለው ግን የሞንሱን ዝናብ ወቅት ነው። እዚህ ወቅቱ በይፋ የሚቆጠረው ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው፤ ዝናቡ በደንብ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ዶፍ በኋላ በረሃው ሌላ አገር ይሆናል። ክሪዮሶት የሚባለው ቁጥቋጦ ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አየሩን ይሞላዋል። ዓመቱን ሙሉ መሬት ውስጥ ተቀብረው የከረሙ ጉርጦች ወጥተው ኩሬውን በጩኸት ያናውጡታል። እባቡም ይከተላል።

ጁላይ ላይ ፊኒክስ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በሀበሻ ሰዓት ከምሽቱ 1፡40 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሰዓታት ምርጦቹ ናቸው። አየሩ ከ25 እስከ 33 ዲግሪ፣ ነፋሱ ጸጥ ያለ፣ ትንሽ እርጥበት ያለበት ከሆነ ውጡ። ሙሉ ጨረቃ ላይ ብዙዎቻችን ቤት መቅረት እንመርጣለን፤ በብርሃን ጉጉቱም ሌላውም አዳኝ ስለሚያያቸው አይጦቹም እባቦቹም ይቆጠባሉ። ሆኖም በሙሉ ጨረቃ ያገኘሁበት ሌሊት አለ፣ ስለዚህ እንደ ሕግ አትያዙት።

በመኪና ነው በእግር?

በሁለቱም። እኔ በመኪና እጀምርና በእግር እጨርሳለሁ።

የመኪናው ዘዴ የቆየ ታሪክ አለው። ሎረንስ ክላውበር የሚባል የሳንዲዬጎ ሰው ነበር። ሙያው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው፤ በከተማው የጋዝና የኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ሠርቶ እስከ ፕሬዚዳንትነት ደርሷል። እባብ ግን ፍቅሩ ነበር። በበረሃ መንገድ ሌሊት በዝግታ እየነዳ ያገኘውን እባብ ሁሉ ከነሰዓቱ ከነሙቀቱ ይመዘግብ ነበር። ከዚያ በፊት እንደ ብርቅ ይቆጠሩ የነበሩ አንዳንድ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ሊፍ ኖዝድ ስኔክ የሚባለው ትንሽ እባብ፣ ሞልተው ተገኙ። ለካ የጠፉት ቀን ቀን ስለሚፈለጉ ነው። እኛም እስከ ዛሬ የምንሠራው እሱ የሠራውን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መኪና የማይበዛበት ባለሁለት መስመር የበረሃ መንገድ ትመርጣላችሁ። በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ። አንድ ዓይናችሁ የኋላ መስታወት ላይ ይሁን፤ ከኋላ መኪና ከመጣ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት። የሆነ ነገር ስታዩ ቀስ ብላችሁ ከአስፋልቱ ውጡ፣ የአደጋ መብራት አብሩ። መታጠፊያና አቀበት ላይ ግን በፍጹም አትቁሙ። የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ልበሱ። በዚህ ነገር ላይ የምጨቃጨቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዓይኑን እባቡ ላይ የተከለ ሰው የሚመጣውን ፒክአፕ አያይም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላል የአገራችን ሰው። እዚህ ልጡ የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ ቁራጭ ነው፣ የተበጠሰ ገመድ ነው፣ የአስፋልቱ ስንጥቅ የተደፈነበት ሬንጅ ነው። በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ በከንቱ ትቆማላችሁ። ቁሙ። ናይት ስኔክ የሚባለው ትንሹ የሌሊት እባብ ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም። እንጨት ነው ብዬ አልፌው፣ ሆዴ አልቆርጥ ብሎኝ ስመለስ እሱ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

በእግር ሲሆን ደረቅ የወንዝ መውረጃዎችን እከተላለሁ፤ እዚህ ዋሽ ይሏቸዋል። አሸዋው ላይ ዱካ ይነበባል። የግንባር መብራት ለመራመድ ጥሩ ነው፣ ለመፈለግ ግን የእጅ ባትሪ ይሻላል። ባትሪውን ከወገብ በታች ዝቅ አድርጋችሁ ስትይዙት መሬቱ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ጥላ ይጥላል፣ የእባቡም ጥምዝ ይለያል። ዓይን እንዳትፈልጉ። የሸረሪት ዓይን እንደ ጤዛ ጠብታ ያብለጨልጫል፣ የወፍና የጉርጥ ዓይን ያበራል። የእባብ ዓይን ግን መብራት አይመልስም። የምትፈልጉት ቅርጹን ነው፣ የተጠቀለለ ወይም የተዘረጋ ነገር።

ምን እንልበስ፣ ምን እንያዝ?

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ሰፋ ያለ ረጅም ሱሪ። ሸበጥ ለብሶ የመጣ ጓደኛዬን ከመኪና አላወርደውም። ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ሊትር ውሃ። ሁለት ባትሪ፣ አንዱ ሲጠፋ በሌላው እንድትመለሱ። ስልኩ ላይ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ አውርዱ፤ ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ብቻችሁን አትሂዱ።

ማበጠሪያና ወረንጦ ደግሞ አትርሱ። ቾያ የሚባል ቁልቋል አለ፤ ገና ስትጠጉት የሚዘልባችሁ ይመስላል። ጉብታው ሥጋ ላይ ሲጣበቅ በእጅ ለመንቀል የሞከረ እጁም ይያዛል። ማበጠሪያውን በእሾሁና በቆዳው መካከል አስገብቶ አንዴ መንጠቅ ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ልማድ አዳብሩ፦ ዓይናችሁ ያላየበት እጃችሁ አይግባ፣ እግራችሁም አይረፍ።

ምን ዓይነት እባብ ይገኛል?

አሪዞና 13 የራትልስኔክ ዝርያዎች አሏት። ራትልስኔክ የእፉኝት ወገን ነው። ሁሉም ግን በረሃ ላይ አይኖሩም፤ አንዳንዶቹ ከተራራ አይወርዱም።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት ዌስተርን ዳይመንድባክ የሚባለውን ነው። ትልቅ ነው፣ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነውን ማየት የተለመደ ነው። ጅራቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ቀለበት አለው። ሞሃቪ የሚባለው ከእሱ ጋር ይመሳሰላል፣ ነገር ግን ጅራቱ ላይ ነጩ ቀለበት ከጥቁሩ ይሰፋል። የሞሃቪ መርዝ ብዙ ጊዜ ነርቭን ስለሚያጠቃ በጣም ይፈራል። ሁለቱን በጨለማ ለመለየት ብላችሁ ግን አትጠጉ። ሁለቱም ራትልስኔክ ናቸው፣ ርቀቱ ያው ነው።

የኔ ተወዳጅ ሳይድዋይንደር ነው። አሸዋማ ሜዳ ላይ የሚኖር ትንሽ ራትልስኔክ ነው፤ ከዓይኑ በላይ ቀንድ የመሰለ ቅርፊት አለው። በጎኑ ነው የሚሄደው። አሸዋው ላይ የሚተወው ዱካ ለየብቻ የተሰመሩ ዘመም ያሉ መስመሮች ነው፣ አንድ ሰው በዱላ ጫፍ እየጫረ የሄደ ይመስላል። ዱካውን ተከትዬ ቁጥቋጦ ሥር አሸዋ ውስጥ ግማሹ ተቀብሮ ያገኘሁት ቀን ከደስታዬ ብዛት ፎቶ ማንሳት ረስቼ ነበር።

ከነዚህ ውጪ የምታገኙት አብዛኛው የማይጎዳ ነው። ጎፈር ስኔክ ረጅምና ወፍራም ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን ጠፍጣፋ ያደርጋል፣ ጮክ ብሎ ያፏጫል፣ ጅራቱን ደረቅ ቅጠል ላይ ያርገበግባል። ራትልስኔክ መስሎ ጠላቱን ለማባረር ነው። በዚሁ ዘዴው ሰዎች ራትልስኔክ ነው ብለው ይገድሉታል። ያሳዝነኛል። ኪንግ ስኔክ ደግሞ ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት ነው፤ ሌሎች እባቦችን ይበላል፣ ራትልስኔክንም ጭምር። መርዙን ይቋቋመዋል።

ኮራል ስኔክ የሚባልም አለ፣ ቀጭን፣ ፊቱ ጥቁር፣ ሰውነቱ ላይ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ቀለበት የዞረበት። መርዛማ ነው። በእጃችሁ እስካልያዛችሁት አይነካችሁም።

እግረ መንገዴን ስለ አንድ እንሽላሊትም ልንገራችሁ። ጊላ ሞንስተር ይባላል፣ ወፍራም፣ ጥቁርና ብርቱካንማ፣ ዶቃ የተሰፋበት የሚመስል። በበጋ ሌሊት ይወጣል። መርዛማ ነው፣ አሪዞና ውስጥ ከ1952 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። በመርዙ ውስጥ ከተገኘ ንጥረ ነገር በመነሣት ለስኳር በሽታ የሚሰጥ ኤክሰናታይድ የተባለ መድኃኒት ተሠርቷል፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2005 ነው። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች፣ ይህን እንስሳ ባየሁ ቁጥር እሷን አስባለሁ።

መርዛማውን እንዴት እለያለሁ?

"ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛማ ነው" የሚባለውን እርሱት፤ ጎፈር ስኔክም ጭንቅላቱን አስፍቶ ያንን ይመስላል። ቃጭሉን ፈልጉ፣ ግን አለማየታችሁን ማስረጃ አታድርጉት። ሊሰበር ይችላል፣ አዲስ የተወለደውም ገና አንዲት ጉብታ ብቻ ነው ያለው። ምን እንደሆነ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ሁሉ እንደ መርዛማ ቁጠሩት። ሁለት ሜትር ያህል ራቁ። ራትልስኔክ ሲወረወር የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የሰውነቱን ርዝመት ግማሽ ያህል ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሜትር በቂ ነው። ፎቶ ለማንሳት ካሜራው ይቅረብ፣ እናንተ አትቅረቡ፤ ዙም የተሠራው ለዚህ ነው።

ቃጭሉን ሳያሰማ ይነክሳል? የቃጭሉ ቁጥር ዕድሜው ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

ሳያሰማ ሊነክስ ይችላል። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጥን ይመርጣል፣ መኖሩ እንዳይታወቅ። ቃጭሉን የሚያሰማው ዝምታው ያልበቃው ሲመስለው ነው። ድምፁን ከሰማችሁ ቀጥ በሉ። ከየት እንደመጣ በባትሪ ለዩ፣ ከዚያ በመጣችሁበት ተመለሱ።

የዕድሜው ነገር እውነት አይደለም። ቃጭሉ የተሠራው ከጥፍራችን ዓይነት ነገር ነው። እባቡ ቆዳውን በቀየረ ቁጥር አንድ ቀለበት ይጨመራል፣ ቆዳውን ደግሞ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊቀይር ይችላል። ጫፉም እየተሰበረ ይወድቃል። ሌላም የሚባል አለ፤ ሕፃኑ ከትልቁ ይብሳል ይላሉ። እሱም እውነት አይደለም። ትልቁ የሚለቀው መርዝ እጅግ ይበዛል። ሕፃኑን ናቁት ማለቴ አይደለም፣ የሕፃኑም ሆስፒታል ያስገባል።

ቢነክሰኝስ?

አገር ቤት ያየነውን ሁሉ መርሳት አለብን። እግሩን በገመድ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ በረዶ መያዝ፣ ሁሉም ጉዳቱን ያብሳሉ። አልኮልም አትስጡት።

ከእባቡ ራቁ። 911 ደውሉ። ቀለበት፣ ሰዓትና ጠባብ ጫማ አውልቁ፣ ምክንያቱም ያብጣል። የተነከሰውን ክፍል ሳታንቀሳቅሱ በልብ ከፍታ ላይ አድርጉት። የተነከሳችሁበትን ሰዓት ያዙ። እባቡን ገድላችሁ ወይም ይዛችሁ ወደ ሐኪም እንዳትሄዱ፤ ሐኪሙ አያስፈልገውም፣ ሁለተኛ ሰው የሚነከሰውም በዚህ ነው። 1-800-222-1222 በመላው አሜሪካ የሚሠራ የመርዝ መረጃ ስልክ ነው፣ ነፃ ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ማርከሻው፣ አንቲቬኖም የሚባለው፣ ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል። ለራትልስኔክ የሚያገለግሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ ክሮፋብ ከበግ ደም፣ አናቪፕ ከፈረስ ደም ይዘጋጃሉ። ዋጋው ከባድ ነው፣ አንዲት ጠርሙስ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል፣ የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ ጠርሙስ ነው። ይህን የምነግራችሁ ዋጋ ፈርታችሁ ቤት እንድትቀሩ አይደለም፣ ሕይወት ይቀድማል። ይልቅ ኢንሹራንሳችሁን ሳትወጡ እወቁት።

አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ7,000 እስከ 8,000 ሰው በመርዛማ እባብ ይነከሳል፤ የሚሞተው 5 ሰው ገደማ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ሕክምናው በቶሎ መገኘቱ ነው። ከሚነከሱትም ውስጥ ቀላል የማይባለው እባቡን ለመያዝ ወይም ለመግደል እጁን የሰደደ ነው።

ከእባቡ ሌላ የሚያስፈራ ነገር አለ?

አለ፣ እባቡም አይደርስበትም።

አንደኛ ሙቀቱ። ጁላይ ላይ ፊኒክስ ውስጥ ሌሊቱም ብዙ ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች አይወርድም። "መሽቷል" ብሎ ውሃ የሚቀንስ ሰው አለ፤ ራስ ምታት ሲጀምረው ዘግይቷል።

ሁለተኛ ጎርፍ። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ በከዋክብት ተሞልቶ፣ ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበው ውሃ በደረቁ ወንዝ ሊመጣባችሁ ይችላል። አድማሱ ላይ መብረቅ ካያችሁ ከዋሽ ውጡ። ውሃ የተሻገረበትን መንገድ በመኪና አትድፈሩ። አሪዞና ውስጥ የተዘጋ መንገድ ጥሶ ውሃ ውስጥ የገባ ሾፌር የማዳኛውን ወጪ ራሱ እንዲከፍል የሚያደርግ ሕግ አለ፣ ግን ገንዘቡ ትንሹ ነገር ነው።

ሦስተኛ የአቧራ ማዕበል፣ ሃቡብ። ግድግዳ ሆኖ ሲመጣ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጡ፣ መብራቱን በሙሉ አጥፉ፣ እግራችሁን ከፍሬን ላይ አንሱ። መብራት አብርቶ የቆመን መኪና ከኋላ የሚመጣው እየሄደ ነው ብሎ ይከተለዋል።

ጊንጥም አለ። ባርክ ስኮርፒዮን የሚባለው ትንሹ ጊንጥ በተለይ ለሕፃን አደገኛ ነው። ወይን ጠጅ ጨረር የምታወጣ የዩቪ ባትሪ ብትገዙ ጊንጡ በጨለማ አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ ታዩታላችሁ። ድንጋይ ላይ ከመቀመጤ በፊት ሁልጊዜ አበራበታለሁ።

ፈቃድ ያስፈልጋል? ፖሊስ አያስቆምም?

ማየትና ፎቶ ማንሳት የአደን ፈቃድ አይጠይቅም። መያዝና መውሰድ ግን ይጠይቃል፣ አራት የራትልስኔክ ዝርያዎች ደግሞ ጨርሶ አይነኩም። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንስሳ መንካት ክልክል ነው። ስቴት ትረስት ላንድ የሚባለው የክፍለ ሀገሩ መሬት ላይ ለመዝናናት የሚከፈልበት ፈቃድ አለ፣ በኢንተርኔት ይገኛል። የነባር ሕዝቦች መሬት፣ ለምሳሌ የቶሆኖ ኦዳም፣ ያለ ፈቃዳቸው አይገባበትም። ቤታቸው ነው።

ሌሊት በዝግታ የሚሄድ መኪና ያጠራጥራል። ፖሊስም ወደ ሜክሲኮ ድንበር ከቀረባችሁ የድንበር ጠባቂም ያስቆማችኋል። ለኛ ለስደተኞች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱን ይያዝ፤ ሕጉም ይጠይቃል። ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ወደ ድንበሩ የሚወስዱትን መንገዶች ይተው፣ ከፊኒክስ በስተሰሜንና በምዕራብ በቂ በረሃ አለ። ስትቆሙ እጃችሁ መሪው ላይ ይሁን። እባብ እያየን ነው በሉ፣ ፎቶውን አሳዩ። እኔን ያስቆመኝ አንድ መኮንን ፎቶዎቹን ሲያይ ቆይቶ እሱም ባለፈው ሳምንት ያየውን ነግሮኛል።

ልጆች ይዤ ብመጣስ?

ከስምንት ዓመት በታች ያለውን አልመክርም። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቁም ሲባል የሚቆም ልጅ ከሆነ፣ አምጡት። ለአንድ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ከኛ ያነሰ ይፈራሉ፣ ስለዚህ ርቀቱን ከመውጣታችሁ በፊት ሳሎን ውስጥ ለክታችሁ አሳዩዋቸው።

እባብ የተረገመ ፍጥረት አይደለም ወይ?

ይህን ጥያቄ በአክብሮት ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ የማከብራቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዘፍጥረት ላይ የተጻፈውን አውቃለሁ። በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማቴዎስ ወንጌል ላይ ግን "እንደ እባብ ልባሞች ሁኑ" ተብለናል። ኖኅም መርከቡ ላይ ሲያስገባ በምድር የሚሳበውን ሁሉ አስገብቷል። አንዲት እናት ይህን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና "እንግዲያውስ አትግደልብን፣ ግን ቤቴ አታምጣብኝ" አሉኝ። ተስማምተናል።

ያገኘሁበትን ቦታ ማጋራት እችላለሁ?

ትክክለኛውን ቦታ አታጋሩ። እባብ እየያዙ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፣ የሚያነቡትም እንዲህ ያለውን ነው። ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት የቦታ መረጃው ከውስጡ መጥፋቱን አረጋግጡ። አውራጃውን መጥራት ይበቃል።

ዱባይ ወይም እስራኤል ነው የምኖረው። አገር ቤትስ ይቻላል?

የጻፍኩት ለሶኖራ በረሃ ነው። የዓረብ አገሮችም ሆነ የኔጌቭ አሸዋ ቀንዳም እፉኝት አለው፤ ዓይኑን ብቻ አስቀርቶ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፣ ቃጭል የለውም። ማስጠንቀቂያ የምትጠብቁ ከሆነ አታገኙም። የአገሩን እባብና የአገሩን ሕግ ከሚያውቅ ሰው ጋር ብቻ ውጡ።

አገር ቤት ግን በዚህ መልክ አትሞክሩት። አፋርና ሶማሌ ክልል ቆላ ላይ ያለው ኤኪስ የሚባለው እፉኝት ትንሽ ነው፣ ቅርፊቱን እያፋተገ ይንሿሿል፣ መርዙ ደምን ያበላሻል። ማርከሻ የሚሠራው በየእባቡ ዓይነት ነው፣ እዚህ ያለው እዚያ አይሠራም። ከገጠር እስከ ሆስፒታል ያለውን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዓለም ላይ በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። አብዛኛው በባዶ እግሩ የሚያርስ፣ ከብት የሚጠብቅ፣ መሬት ላይ የሚተኛ ድሃ ነው። ዘመድ ቤት ስትሄዱ ቡት ጫማና ጥሩ ባትሪ ይዛችሁላቸው ሂዱ።

ግቢዬ ውስጥ ካገኘሁስ?

ልጅና ውሻ አስገቡ። ከሩቅ ሆናችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉበት። የማይጎዳው ከሆነ በራሱ ይሄዳል። ራትልስኔክ ከሆነ በሙያው የሚያነሱ ሰዎች አሉ፣ በአንዳንድ ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ይመጣሉ። ስልካቸውን ዛሬውኑ ፈልጋችሁ መዝግቡ። ስትደውሉ የሚጠይቋችሁ የት እንዳለ ነው፣ ስለዚህ እስኪመጡ የገባበትን ቀዳዳ እያያችሁ ቆዩ። ከቤታችሁ አጠገብ እንዲለቁት ጠይቋቸው፤ ከግቢው ውጪ፣ ከሚያውቀው በረሃ ጠርዝ ላይ።

መጀመሪያ ከየት ልጀምር?

ቀን ላይ። የምትወጡበትን መንገድ በብርሃን አንድ ጊዜ ሂዱበት፣ ድንጋዩንና ዋሹን እዩት። ተሶን አካባቢ ያለውን የአሪዞና ሶኖራ የበረሃ ሙዚየም ጎብኙ፤ በ1952 የተከፈተ ነው፣ እባቦቹን በመስታወት ጀርባ ቀርባችሁ ታዩዋቸዋላችሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ በዘነበ ማግሥት፣ ልምድ ካለው ሰው ጋር፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ውጡ። ምንም ሳታገኙ ልትመለሱ ትችላላችሁ። እኔም አራት ሌሊት ተከታትዬ ወጥቼ ጉርጥ ብቻ አይቼ የተመለስኩበት ሳምንት አለ። በአምስተኛው ሌሊት አስፋልቱ ላይ ያ ቀይና ጥቁሩ ተዘርግቶ ነበር።